እስከ አፉ የሞላው ጀሪካን

ወተት ሻጯን በስሟ የሚጠራት ሰው ከጠፋ ቆይቷል። ሰፈሩ በሙሉ «እትዬ ምራቂ» ነው የሚላት። አንድ ሊትር ሲጠይቋት አንድ ሊትር ልክክ አድርጋ ትቀዳለች፤ ከዚያ መለኪያውን ወደ ባልዲው መልሳ ትነክርና «ይቺ ደግሞ ምራቂ!» ብላ ትጨምራለች። ሁለት ሊትር የገዛም ምራቂ አለው፣ ሩብ ሊትር የገዛም ምራቂ አለው። የተኳረፈችው ሰው ቢመጣ እንኳ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ትቀዳለች እንጂ ምራቂዋን አትከለክልም። «ኩርፊያዬ ካንተ ጋር ነው፤ ዕቃህ ምን አጠፋ?» ትላለች።

ጎደሎ ዕቃ ማየት አትችልም፤ በቃ፣ አመሏ ነው። እስከ ግማሽ ድረስ የተሞላ ብርጭቆ ካየች እጇን ይበላታል። አንድ ጊዜ ሰው ቤት ተጋብዛ ሄዳ፣ ጠረጴዛ ላይ ያለው የአበባ ማስቀመጫ ውሃ እንደሌለው አየች። ማንም ሳያዛት ተነስታ ሞላችው። አበባው ፕላስቲክ፣ ማስቀመጫውም ሥሩ የተሰነጠቀ መሆኑን ያወቀችው ውሃው የባለቤቱ ጉልበት ላይ ሲንቆረቆር ነው። ይኸው አመል ነው እንግዲህ በኋላ ጉድ ያፈላው።

ሱቋ አንዲት ክፍል ናት። በር ላይ ባንኮኒ፣ ባንኮኒው ላይ የሊትር፣ የግማሽና የሩብ መለኪያዎች፣ ከኋላ ሁለት ማቀዝቀዣዎች። አንደኛው ይሠራል፤ ሁለተኛው «ይሠራ ይሆናል» ተብሎ አምስት ዓመት ቆሟል። ከማቀዝቀዣዎቹ ጎን ያለውን መጋረጃ ገልጠው ሲገቡ መኖሪያ ቤቷ ነው። እዚያ ታናሽ እህቷና የእህቷ ልጅ አብረዋት ይኖራሉ። እህቷ የተማሪ ዩኒፎርም በሚሰፋበት ፋብሪካ ቁልፍ ተካይ ናት፤ ጠዋት ወጥታ ማታ ነው የምትመለሰው። ስለዚህ ልጅቷን ቀን ቀን የምትይዘው እትዬ ምራቂ ናት። ራሷ አልወለደችም። ሰው «ልጅ አለሽ?» ሲላት ግን ሳታቅማማ «አንዲት አለችኝ፣ እሷም ለአሥር ትበቃለች» ትላለች።

አንዲቷ ልጅ ሰባት ዓመቷ ነው፤ ስሟ ሌላ ሆኖ ሁሉም «ፌንጣ» ይላታል። ስትቆምም ስትቀመጥም ትዘላለች። መጀመሪያ ላይ ቤተሰቡ ይህን የደስታ ዝላይ ነው ብሎ ሲስቅ ነበር። ኋላ ነው የተገለጠው፤ ልጅቷ ጨዋታውን ትታ መሄድ አልሆንላት እያለ፣ እግሯን አቆላልፋ የምትዘለው ሽንቷን ይዛ ኖሯል።

ነገሩ ግን ከዝላይ የከፋ ነበር። ፌንጣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ትኩሳት ይመላለስባት ነበር። አንዴ «ጥርስ እያበቀለች ነው» ተባለ፤ ጥርሱ በቅሎ አለቀ፣ ትኩሳቱ አላለቀም። ቀጥሎ «ብርድ ነው» ተባለ፤ በሙቀቱ ወርም መጣ። ሽንቷ ይመርመር የሚል ሰው የተገኘው አራት ዓመት ከሞላት በኋላ ነው። የኩላሊት ሐኪሟ ወረቀት ላይ ሁለት ባቄላ የመሰሉ ነገሮች ከላይ፣ አንድ ከረጢት ከታች ስላ አስረዳቻቸው። ሽንት ከኩላሊት ወርዶ ፊኛ ውስጥ ይጠራቀማል፤ አንዴ ከወረደ ወደ ላይ እንዳይመለስ መግቢያው ላይ የሚያግደው ነገር አለ። የፌንጣ ግን ከአፈጣጠሩ ልል ነበርና ሽንቷ ተመልሶ ወደ ኩላሊቶቿ ሲወጣ፣ ጀርሙንም ይዞ እየወጣ ሲያቆስላቸው ኖሯል። እያንዳንዱ ትኩሳት ጠባሳ ጥሎ ነው የሄደው። አንደኛው ኩላሊት ኮስሶ ቀርቷል፤ ሁለተኛውም ቆስሎ ሳለ የሁለቱን ሥራ ለመሥራት ይውተረተራል።

«ጠባሳውን መመለስ አንችልም» አለች ሐኪሟ። «የቀረውን ግን እንጠብቀዋለን።»

እናትየው ያን ቀን «እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ እኔ ነኝ» እያለች ስታለቅስ፣ እትዬ ምራቂ አብራት አለቀሰችና ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «አሁን ምንድን ነው የምናደርገው?» ብላ ጠየቀች። የሚደረገው ብዙ ነበር። ማታ ማታ አንዲት ማንኪያ መድኃኒት፣ ጀርሙ እንዳይመለስ። ጠዋት ጠዋት አንዲት ክኒን፣ የደም ግፊቷ እንዳይጨምር። በየሁለት ሰዓቱ ሽንት ቤት። እዚያም ሸንታ እንደጨረሰች ትንሽ ቆይታ እንደገና መሞከር አለባት፤ ወደ ላይ ወጥቶ የነበረው ሲመለስ እሱም እንዲወጣ።

እትዬ ምራቂ ባንኮኒው ላይ የምትጮህ ሰዓት አስቀመጠች። ሰዓቷ ስትጮህ ወተት የሚቀዳላቸው ሰዎች ሁሉ ዞር ብለው «ፌንጣ! ሰዓትሽ ደረሰ!» ይላሉ። ልጅቷ ትሮጣለች። ከመጋረጃው ጀርባ ዘፈን ይሰማል፤ ሁለተኛውን ዙር የምትጠብቀው እየዘፈነች ነው። ፊት ለፊት በረንዳ ላይ የሚሠራው ጫማ ጠጋኝ፣ በአፉ ምስማር እንደያዘ «ሁለተኛውን እንዳትረሺ!» ብሎ ይጮሃል። ልጅቷም «እየመጣ ነው!» ትለዋለች። እንዲህ ያለ ሰፈር ነው፤ የአንዲት ልጅ ሽንት የአደባባይ ጉዳይ የሆነበት።

አንድ ነገር ግን እትዬ ምራቂን አያስቃትም ነበር። ባለፈው ዓመት ሲለካ የፌንጣ ኩላሊቶች ከመቶ ሠላሳ ሦስት እጅ ነበር የሚሠሩት። ሐኪሟ «በጣም ከወረደ ስለ ማሽኑ እንነጋገራለን» ብላ ነበር። ማሽኑ ደም የሚያጥበው ነው። እትዬ ምራቂ በአንድ በር ክፍተት አይታዋለች። ማሽኑ አላስፈራትም፤ ያስፈራት አጠገቡ ያለው ወንበር ነው፣ ትንሽ ነበር፣ ለልጅ የተሠራ። ከዚያ ቀን በኋላ ያችን ወንበር ባሰበች ቁጥር የምትቀዳው ወተት ይንጠባጠባል።

የዘንድሮው መለኪያ ቀን ደረሰ። ሐኪሟ ለአንድ ሳምንት ሌላ ቦታ ሥራ ነበራትና ትእዛዙን ጽፋ ሄደች። ከላብራቶሪው ነጭ ጀሪካን ተሰጣቸው፣ ሦስት ሊትር የሚይዝ። ጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ የወጣው ሁሉ፣ አንዲት ጠብታ ሳትቀር፣ እስከ ማግስቱ ጠዋት ድረስ ጀሪካኑ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጣል። እናትየው ሥራ ስላላት ኃላፊነቱ የእትዬ ምራቂ ሆነ። «እትዬ፣ አደራ» አለቻት እህቷ ስትወጣ። «ለኔ ነው አደራ የምትይኝ?» አለች እትዬ ምራቂ፣ ተቆጥታ።

ወተት ያለበት ማቀዝቀዣ ውስጥ እንደማትከተው የታወቀ ነው፤ በንጽሕና ቀልድ አታውቅም። ባልዲ ውስጥ በረዶ ሞልታ፣ ጀሪካኑን መሐሉ ላይ ተክላ፣ ከመጋረጃው ጀርባ አስቀመጠችው። ጫማ ጠጋኙ በረዶውን ስትሸከም አይቶ «ደግሞ ምን አዲስ ነገር አመጣሽ? ይሸጣል?» አላት።

«አይሸጥም!»

«ምራቂውንስ ቢሆን?»

«ሂድ ወደዚያ፣ ምስማርህን አትዋጥ!»

ፌንጣ ያን ቀን ንግሥት ሆና ዋለች። ሰዓቷ በጮኸች ቁጥር በሰልፍ ነው የሚኬደው፤ እሷ ከፊት፣ አክስቷ ከኋላ፣ ትንፋሽ የማይሰጥ ሳቅ እየሳቁ። እኩለ ቀን ላይ ግን እትዬ ምራቂ ጀሪካኑን ብድግ አድርጋ ስታየው ልቧ ስንጥቅ አለ። ሥሩ ላይ ትንሽ ነገር ትንቀዋለላለች። የቀረው ባዶ ነው።

አሰበች። ላብራቶሪው ሞኝ አይደለም። ሦስት ሊትር የሚይዝ ከሰጠ ሦስት ሊትር ቢጠብቅ ነው። ደንበኛ የሰጠሽን ዕቃ ሞልተሽ ነው የምትመልሺው። ግማሹን ይዛ ብትሄድ «ያቺ ልጅ ኩላሊቷ አልቋል» ይሏታል፤ ከዚያ ያቺ ትንሽ ወንበር። ከሰዓት በኋላም ፌንጣ ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለቱንም ዙር ጨርሳ መጣች፤ ጀሪካኑ አሁንም ጎደሎ ነው።

እንግዲህ እጇን በላት። ከዚያ በኋላ የሆነውን ማስረዳት ብዙ አያስፈልግም። እትዬ ምራቂ አንድ ትልቅ ማሰሮ ውሃ ጠጣች፣ ቀጥላም ሌላ። ፌንጣ ስትገባ እሷም ተከትላ ትገባለች፤ ልጅቷ ስትወጣ እሷ ጥቂት ትቆያለች። «አክስቴ፣ አንቺም ሁለተኛ ዙር አለሽ እንዴ?» አለቻት ፌንጣ። «በዚህ ዕድሜዬ ሦስተኛም አለኝ» አለች። በማግስቱ ጠዋት ጀሪካኑ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር። ክዳኑን ስታጠብቀው ፊቷ በራ፤ እንዲህ ያማረ ዕቃ አስረክባ አታውቅም።

የላብራቶሪው ሰውዬ በመስኮቱ ተቀብሎ ክብደቱን ሲያነሳ ዓይኑ ፈጠጠ። «የአንዲት ልጅ ነው?»

«የአንዲት ልጅ» አለች እትዬ ምራቂ፣ ኮራ ብላ።

የፌንጣ ደም ተቀዳ፤ ከአራት ቀን በኋላ ውጤቱ ደረሰ። ሐኪሟ ገና አልተመለሰችም፤ በቦታዋ የነበረው ተተኪ ወጣት ሐኪም ወረቀቱን አነበበ፣ አገላበጠ፣ እንደገና አነበበ። «ዘጠና!» አለ። «ከመቶ ዘጠና! ይህ እኮ ጤነኛ ኩላሊት ነው። ያለፈው ዓመት ልኬት ስሕተት ሳይሆን አልቀረም። የማታውን መድኃኒት አቁሙ፤ ከዓመት በኋላ ብቅ በሉ።»

እናትየው ግድግዳውን ያዘች። እትዬ ምራቂ ግን እዚያው ኮሪደሩ ላይ ጮቤ ረገጠች። የማታውቀውን የጥበቃ ሠራተኛ አቀፈች። ሰፈር ሲደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ነበር፤ ያን ቀን ወተት በነፃ ሆነ። ሩብ ሊትር ሊገዛ የመጣ አንድ ሊትር ይዞ ሄደ፤ ጫማ ጠጋኙ ዕቃ ስላልያዘ በአዲስ ቡት ጫማ ካልቀዳሽልኝ ብሎ አስቸገረ። እናትየው የማታውን መድኃኒት ቁም ሳጥን ላይ፣ ከሻንጣው ኋላ፣ ላትመለስበት አስቀመጠችው። ፌንጣ ባንኮኒው ላይ ወጥታ «ድኛለሁ! ከእንግዲህ ሁለተኛ ዙር የለም!» ብላ አወጀች፤ ሰዓቷንም በጨርቅ ጠቀለለቻት።

ሰዓቷ በጨርቅ ስትጠቀለል እትዬ ምራቂ የጨርቁን ጫፍ ያዝ አደረገች። «ኧረ በየሁለት ሰዓቱ መሄዱስ ምን ይጎዳል?» አለች።

«ዘጠና እኮ ነኝ!» አለች ልጅቷ፣ ዘላ ወርዳ።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። እትዬ ምራቂ ለራሷ እንዲህ እያለች ታስረዳለች፦ «እኔ የጨመርኩት መጠኑን ነው። ከሥር ያለው የልጅቷ፣ የልጅቷ ነው። ምራቂ መቼም ወተቱን ወተትነቱን አይለውጠውም።» ይህን ሁለት ቀን ሙሉ ስትል ከረመች። የምታምነውን ነገር ሰው እንዲህ ደጋግሞ ለራሱ አይነግረውም፤ እሷ ግን ያኔ አልገባትም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ወተት የሚያመጣው ባለ ሞተር ደረሰ። እዚህ ላይ ስለ እትዬ ምራቂ ያልተነገረ አንድ ነገር አለ። ለገዢ ቅቤ የሆነች ሴት ለአምጪ ነብር ናት። ከመቀበሏ በፊት ከእያንዳንዱ ጣሳ ትንሽ ቀድታ መለኪያዋን ትከትበታለች፤ ቁጥር የተጻፈባት፣ ሥሯ የከበደ የመስታወት ዘንግ ናት። ንጹሕ ወተት ላይ ቀና ብላ ትንሳፈፋለች፤ ውሃ የገባበት ላይ ግን ትሰጥማለች። ዓይን ይሸወዳል፣ ምላስም ይሸወዳል፣ ያቺ ዘንግ ግን ሰው አታውቅም። ያን ቀን ዘንጓ ቀስ ብላ ቁልቁል ወረደች።

«አንተ!» አለች እትዬ ምራቂ። «ውሃ!»

«ምን ውሃ አመጣሽ፣ እትዬ…»

«ዘንጓን አታያትም? እጅ ከፍንጅ ተይዘህ ደግሞ ትከራከራለህ?»

ባለ ሞተሩ የራስ ቁሩን አውልቆ አንገቱን ደፋ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ስምንት ዓመት አብረው ሠርተዋል። «እትዬ፣ በልጆቼ ይዤሻለሁ፣ ላጭበረብርሽ አይደለም። ላሟ ታማ ወተቷ ቀነሰ። ጣሳው ጎድሎ ሳየው ደነገጥኩ። ጎደሎ ይዤ ብመጣ ‹ላሟ አልቆላታል› ብለሽ ሌላ ሰው ትይዢብኛለሽ ብዬ ነው። መጠኑ እንዳያንስ ብዬ እንጂ… ከሥር ያለው እኮ ያው የላሟ ነው።»

እትዬ ምራቂ አፏን ከፈተች። ልትሰድበው የተዘጋጀችው ስድብ አፏ ላይ ቀረ። «ላሟ ታማለች?» አለች ቀስ ብላ።

«ታማለች።»

«ለሐኪም አሳየሃት?»

«ኧረ መች! ጣሳው ሞልቶ እየሄደ ማን ያስታውሳታል?»

ዘንጓ ከእትዬ ምራቂ እጅ ወድቃ እንክትክት አለች። ባለ ሞተሩ ለስድብ ዓይኑን ጨፍኖ ሲጠብቅ፣ የሰማው ድምፅ «ተነስ፣ አስነሳው!» የሚል ነው። ሲገልጥ ሴትየዋ ሞተሩ ላይ ከኋላ ተቀምጣለች፣ ነጭ ሽርጧን እንደታጠቀች፣ ሱቁን ክፍት ጥላ። «ወዴት?» አላት። «ሆስፒታል! እኔም ጣሳ ሞልቻለሁ!» አለችው። ምን ማለቷ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባውም፤ ግን ነዳ።

መንገዱን ሁሉ ስታስብ የነበረው ቁም ሳጥን ላይ ያለውን መድኃኒት ነው። ሦስት ማታ አልፏል። አንዲት ትኩሳት አንዲት ጠባሳ። ፌንጣ ሠላሳ ሦስት ሆና ዘጠና የሆነች መስሏት ትዘል ነበር፣ ያውም በእሷ ውሃ። ከኋላ ተቀምጣ «ፍጠን! ፍጠን!» እያለች የባለ ሞተሩን ጀርባ ደበደበችው።

የሐኪሟ በር ላይ ወረፋው ረጅም ነው። ዕድሏ ሆኖ ሐኪሟ የዚያን ቀን ጠዋት ተመልሳ፣ ቀጣዩን በሽተኛ ለመጥራት በሩ ላይ ቆማ ነበር። እትዬ ምራቂ ወረፋውን ጥሳ፣ ሽርጧ እየተወዛወዘ፣ ከሩቁ ጮኸች።

«ዶክተር! ያ ሽንት የልጅቷ ብቻ አይደለም!»

ወረፋው ሁሉ ዞር አለ። ሐኪሟ መነጽሯን አስተካከለች። «ታዲያ የማን ነው?»

«ግማሹ… ከግማሽም በላይ… የኔ ነው።»

«የእርስዎ? ምን ሊያደርግ እዚያ ገባ?»

«ጀሪካኑ ጎደለብኝ!» አለች እትዬ ምራቂ፣ እንባዋ እየወረደ። «ሦስት ሊትር ሲሰጡኝ ሦስት ሊትር የሚጠብቁ መሰለኝ። ልጄን እንዳያሳፍሩብኝ ብዬ ሞላሁላት!»

መጀመሪያ የሳቁት በክራንች የቆሙት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከዚያ ወረፋው በሙሉ ፈነዳ። ሐኪሟ ከንፈሯን ነክሳ ልትቋቋመው ሞከረች፤ አልሆነላትም፤ የበሩን እጀታ ይዛ ከት ብላ ሳቀች። «እኔ እኮ ጠዋት ወረቀቱን ሳየው ግራ ገብቶኝ ነበር» አለች ትንፋሿ ሲመለስላት። «ሃያ ሁለት ኪሎ የሆነች ልጅ፣ ቀኑን ሙሉ ጣሳ የሚሸከም ትልቅ ሰው የሚያወጣውን ያህል ቆሻሻ በሽንቷ አውጥታለች ይላል። ልደውልላችሁ ነበር። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እርስዎ ደግሞ አሟልተው አመጡት!»

ከዚያ ሳቋን አቆመች። «ልጅቷ ትኩሳት አላት?»

«የላትም። ግን መድኃኒቱን ሦስት ማታ…»

«ዛሬውኑ ትጀምር። አሁን ይደውሉ።» እትዬ ምራቂ ፋብሪካው ድረስ ደወለች፤ እህቷ በስልክ ያለቀሰችውና የሳቀችው የትኛው እንደሚቀድም አይታወቅም። ሐኪሟ ቁጭ አድርጋ አስረዳቻት። የጀሪካኑ ትልቅነት ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ስለሚሰጥ ነው እንጂ ሙሉ ስለሚጠበቅ አይደለም። የሚለካው ብዛቱ ሳይሆን ኩላሊቱ ከደም አጣርቶ ያወጣው ነው። ጎደለ ብሎ የሚያፍር የለም፤ የሚጎዳው ልክ ያልሆነው ነው። «እኛ ለማወቅ የምንፈልገው እሷን ነው» አለች። «እርስዎን አይደለም። እርስዎ ደህና ነዎት፣ እንኳን ደስ ያለዎ።»

ሁለተኛው ሙከራ የተደረገው በዚያው ሳምንት ነው። በዚህኛው ጊዜ ፌንጣ ኃላፊነቱን ራሷ ተረከበች። የበረዶው ባልዲ ላይ በቀለም «የኔ ብቻ» ብላ ጽፋ ለጠፈች፤ አክስቷ ከመጋረጃው ሦስት እርምጃ እንዳትጠጋ በኖራ መስመር አሰመረች። እትዬ ምራቂ ውሃ ስትጠጣ እንኳ ጫማ ጠጋኙ ከማዶ «ኧረ ተጠንቀቂ፣ ወዴት ነው የምትሄጂው?» እያለ ሲጮህባት ዋለ። ደም ሲቀዳ ደግሞ ፌንጣ ክንዷን ደብቃ «በአንቺ ጥፋት እኔ ለምን እንደገና እወጋለሁ?» ብላ ተፋረደቻት። እትዬ ምራቂ እጅጌዋን ሰብስባ «የኔንም ውጉት!» አለች፤ ነርሷ ጥጥ አስያዘቻት።

ጠዋት ጀሪካኑን ስታነሳው ቀላል ነበር። ከግማሽ በታች። ክዳኑን ከመክደኗ በፊት ለረጅም ጊዜ አየችው፤ እጇን ክፉኛ በላት። ከዚያ ከደነችው። በመስኮቱ በኩል ስታስረክብ የላብራቶሪው ሰውዬ ወሬውን ሰምቶ ኖሮ «ዛሬስ ጎደለ?» አላት እየሳቀ። «አልጎደለም፤ ልኳ ነው» አለችው፤ ሌላ ነገር አልጨመረችም።

የውጤቱ ቀን ሦስቱም ሄዱ። እናትየው የልጇን እጅ ይዛለች፣ እትዬ ምራቂ ወንበሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥላለች። በበሩ ክፍተት ማሽኑ ወዳለበት ክፍል ላለማየት አንገቷን አድርቃለች። ሐኪሟ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ሠላሳ አራት» አለች።

እናትየው የልጇን እጅ ጨበጥ አደረገች።

«አልወረደም» አለች ሐኪሟ። «ባለፈው ሠላሳ ሦስት፣ ዘንድሮ ሠላሳ አራት። ያው ነው፤ ባለበት ቆሟል፣ እኛም የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ወደፊት ማሽኑ አያስፈልጋትም ብዬ ቃል አልገባም። ዘንድሮ ግን ስለ ማሽኑ አንነጋገርም። መድኃኒቱን፣ ሰዓቷን፣ ሁለተኛ ዙሯን ቀጥሉ፤ ከሦስት ወር በኋላ ኑ።»

እናትየው የልጇን ራስ ደረቷ ላይ አስጠጋች። ዘጠናውን ስትሰማ ኮሪደሩን በጭፈራ ያናወጠችው እትዬ ምራቂ፣ ሠላሳ አራቱን ስትሰማ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ አለቀሰች። በዘጠናው ጊዜ እግሯ ነበር የጨፈረው፣ ሆዷ አላመነም ነበር። አሁን ሆዷ አመነ። እንዲህ ያለ ደስታ በዕድሜዋ ተሰምቷት አያውቅም።

ፌንጣ ከእናቷ እቅፍ ሾልካ መጥታ ሽርጡን ገለጠችው። «አክስቴ፣ ምን ያስለቅስሻል? ካምናው እኮ በአንድ በለጥኩ!»

«በለጥሽ፣ የኔ እናት» አለች እትዬ ምራቂ፣ እየሳቀችም እያለቀሰችም። «ያውም ማንም ሳይጨምርልሽ።»